ዶክቶር አክሊሉ ለማና የዓድዋ ወንዝ

በፒያሳ ያደገ ተማሪ ሁሉ ዓድዋ የሚለውን ስም የሚሰማው ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ይታየናል፤ ከአጠገቡ የአራዳ ጊዮርጊስ ደወል ይሰማናል፤ ከ2016 ዓ.ም. የካቲት ወዲህ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሕንፃ ተመርቆ በሰፈራችን ቆሟል። ስለዚህ ዓድዋ ሲባል በአሳባችን የሚመጣው ጋሻውና ጦሩ፥ ነጋሪቱና የ1888 ዓ.ም. ድል ነው። እኛም እስከ ዘንድሮ ድረስ ከዚህ ሌላ ስለ ዓድዋ የምንማረው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

ዘንድሮ የባዮሎጂ መምህራችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርገው ከፈሉን። እያንዳንዱ ቡድን ስለ አንድ ተመራማሪ ሕይወት አንብቦ፥ ቀጥሎም ራሱ አንድ ትንሽ ጥናት ሠርቶ እንዲያቀርብ አዘዙ። ምክንያታቸውም ከመካከላችን ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉበት ቀን ሩቅ ስላልሆነ፥ ጥናት ማለት ከመጽሐፍ መገልበጥ አለመሆኑን ከወዲሁ እንድናውቀው ነው። ስሞቹ በዕጣ ወጡ። ፓስተር ለአንዱ ቡድን፥ ሜንዴል ለሌላው ደረሱ። ለእኛ የወጣው የዶክቶር አክሊሉ ለማ ስም ነበረ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለን። ፓስተርን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የእኛን ሰው ግን ከአምስታችን ሁለታችን ከነጭራሹ ሰምተነው አናውቅም ነበር። አሁን ስናስበው ያን ጊዜ ቅር በመሰኘታችን እናፍራለን።

ዶክቶር አክሊሉ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በመስከረም ወር ነው። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ፤ ስለዚህ የሕፃንነት ዕድሜያቸው የጠላት ዘመን ነበረ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ዕውቀት ፍለጋ ከተነሣው ትውልድ አንዱ ሆኑ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አገር ቀጥለው፥ በባልቲሞር ከተማ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 እ.ኤ.አ. የዶክቶርነት ማዕረግ ተቀበሉ። የተማሩት ፓቶባዮሎጂ የሚባለውን፥ ማለት በሽታ አምጪ ሕያዋን በሰውና በእንስሳ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት የሚመረምረውን የትምህርት ክፍል ነው።

በዚያ ዘመን ከኤቨረት ሺለር ጋር ሠርተው በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ስለ ሌሽማንያ ነበር። ሌሽማንያ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ነፍሳት ሲሆን፥ የአሸዋ ዝንብ በንድፊያዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ታስተላልፈዋለች። በደጋው አገር ፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ የሚተወውን ቁንጭር የሚያመጣው፥ በቆላውም እንደ ሑመራ ባለ ስፍራ ጉበትና ጣፊያን አሳብጦ የሚገድለውን ካላአዛር የሚያስከትለው ይኸው ወገን ነው። ይህ ነፍሳት በዝንቧ ሆድ ውስጥ ሳለ ረዘም ብሎ ጅራት አለው፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ድቡልቡል ሆኖ በሕዋስ ውስጥ ይደበቃል። ወጣቱ ተመራማሪ የደከሙበት ጉዳይ ይህንን ድቡልቡሉን መልክ ከሕዋስ ውጭ በብልቃጥ ውስጥ ማራባት ነበረ። እንግዲህ አንድ ተማሪ በዚህ ጥናት ተመርቆ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠበቀው ያንኑ ሥራ ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል ተብሎ ነው። ዶክቶር አክሊሉን ግን ሌላ ነገር ጠበቃቸው።

ስለዚያ ነገር ከመናገራችን በፊት ቢልሃርዚያ ስለሚባለው በሽታ ጥቂት መናገር ይገባናል። ስሙን ያገኘው በ1851 እ.ኤ.አ. በካይሮ ከተማ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው የያዘው ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወደ ውኃ ይገባል። በውኃው ውስጥ እንቁላሉ ተፈልፍሎ የወጣው እጭ እንደ ሌሎች ትሎች በቀጥታ ሰው አይፈልግም፤ መጀመሪያ የሚፈልገው አንዲት ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ነው። በቀንድ አውጣዋ ገላ ውስጥ ለሳምንታት ተቀምጦ እጅግ ይራባል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሺሕ ሆኖ ወደ ውኃው ይወጣና ልብስ የሚያጥበውን፥ ውኃ የሚቀዳውን፥ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። በደም ሥር ተጉዞም በአንጀት ዙሪያ ይቀመጣል። ሕፃኑ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፥ ይከሳል፥ ትምህርቱ አይገባውም፤ እየቆየም ጉበቱ ይጎዳና ሆዱ ይነፋል። የቀንድ አውጣዋን ድርሻ በ1913 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሊቃውንት፥ ጥቂት ቆይቶም በግብፅ አገር እንግሊዛዊው ሌይፐር ገልጸውታል። ከዚያ ወዲህ ቀንድ አውጣዋ ከጠፋች የበሽታው መንገድ እንደሚቆረጥ የታወቀ ሆነ። ነገር ግን ቀንድ አውጣ የሚገድለው መድኃኒት ከአውሮፓ ፋብሪካ በውድ ዋጋ የሚመጣ ስለ ነበረ ድኃ አገር ዓመት ከዓመት ሊገዛው አይችልም ነበር።

ዶክቶር አክሊሉ ከአሜሪካ እንደ ተመለሱ በ1964 እ.ኤ.አ. ወደ ዓድዋ ወረዱ። የሄዱት የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች የት የት እንደሚኖሩ ለማጥናት ነበር። በወንዙ ዳር እየሄዱ ሲለቅሙ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ይገኛሉ፤ ከዚያ በላይና ከዚያ ርቆ በታች ባለው ውኃ ግን እንዲህ አይደለም። የሚያጥቡት በፋብሪካ ሳሙና አልነበረም፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ በሚያነጡበት በእንዶድ ፍሬ ነበረ እንጂ። ዶክቶር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ይዘው ስለ ነበር ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ለመኗት። ጨመረችላቸው። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር የሚገርመን የቀንድ አውጣዎቹ መሞት አይደለም። ከባልቲሞር የመጣ ዶክቶር ከወንዝ ዳር አጎንብሶ፥ ልብስ አጣቢ ሴት በእጇ ስላለው ነገር መጠየቁ ነው። የፈለጉት ቀንድ አውጣ እንጂ ሳሙና አልነበረም፤ ያላሰቡት ነገር ሲመጣ ግን አላለፉትም። እኛ ብንሆን ኖሮ፥ የታዘዝነው ቀንድ አውጣ ቆጥረን መመለስ ስለ ሆነ፥ ቆጥረን የምንመለስ ይመስለናል።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ፍሬውን አደረቁ፥ ደቆሱ፥ በውኃ እያቀጠኑ በላቦራቶሪ ፈተኑት። እጅግ ቀጥኖም ሳለ ይገድል ነበር። የመጀመሪያውን መግለጫ በ1965 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በሚከተለው ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቱት ሲቋቋም መሥራቹ እሳቸው ነበሩ። እንዶድም የኢንስቲቱቱ ዋና ሥራ ሆነ።

እንዶድ ለምን ይገድላል ብለን መምህራችንን ጠየቅናቸው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል፥ ከውኃ ጋር ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር አለ። ይህ ነገር የቀንድ አውጣውን የሕዋሳት ሽፋን ያፈርሰዋል። ይልቁንም የሚደንቀው ፍሬው ሳይደቆስ ብርቱው መርዝ ገና ያልተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ተደቁሶ ሲታሽ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ብርቱው መልክ ይለውጠዋል። ስለዚህ እናቶቻችን እንዶዱን በቀዝቃዛ ውኃ ደቁሰው ማሸታቸው ሳያውቁት የኬሚስት ሥራ ነበር። በኋላም በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲቱት ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ከፍሬው ለይተው ካወጧቸው ሳፖኒኖች አንዱን ለማቶክሲን ብለው ጠርተውታል፤ የዶክቶር አክሊሉ የአባታቸው ስም በዚህ ዓይነት በኬሚስትሪ መዝገብ ገባ።

ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዶዱ በዚያው በዓድዋ በሰፊው ተፈተነ። የደረቀው ፍሬ እየተፈጨ በወንዞቹ ላይ በየጊዜው ተረጨ። እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድልና ከጥቂት ቀን በኋላ በውኃ ውስጥ ኃይሉ ስለሚጠፋ መርጨቱ መደጋገም ነበረበት። ይህ መጥፋቱ ግን ጥቅምም አለው፤ ወንዙን መርዞ አይቀርም። ሥራው ሲጀመር ከከተማው ሕዝብ ከመቶ 63 ያኽሉ የቢልሃርዚያ በሽተኞች ነበሩ፤ ሲፈጸም ወደ 34 ገደማ ወረደ። የትንንሾቹ ሕፃናት ነገር ከዚህም ይበልጣል፤ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። ሕፃናቱ ከሥራው መጀመር በኋላ ያደጉ ስለ ሆኑ፥ የወንዙ መጽዳት የታየው በእነርሱ ላይ ነው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለው ይሆናል። እኛም መስሎን ነበር። ነገር ግን ዶክቶር አክሊሉ እንዶድን ያገኙት በአንድ ቀን ሲሆን፥ ሌላው ዓለም እንዲያምናቸው የደከሙት ከሃያ ዓመት በላይ ነው። በውጭ አገር ገንዘብና ሥልጣን ያላቸው የጤና ድርጅቶች በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራውን ፈተና ሙሉ ነው ብለው አልተቀበሉም። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ የማይጎዳ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደንብ በተደራጀ ላቦራቶሪ እንዲመረመር ጠየቁ። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በዚያ ጊዜ በአገራችን አልነበረም፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም እንዲሁ። ስለዚህ ያለ ፈተና ገንዘብ አይገኝም፥ ያለ ገንዘብም ፈተና አይገኝም ሆነ። ዶክቶር አክሊሉ ይህን የአፍሪካን ሳይንቲስት እንደ መናቅ ቈጠሩት፤ በብዙ ጉባዔም ገልጠው ተናገሩበት።

በዚህ ነገር እኛ አምስታችን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ንቀት ነው አልን። ሌሎቻችን ግን ከራሳችን ጥናት የተነሣ ሌላ አሳብ ያዝን። እኛም እንዶድ ገዝተን፥ ከግቢያችን የውኃ ገንዳ ቀንድ አውጣ ለቅመን፥ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ፈትነን ነበር። ፍሬውን የወቀጠው ጓደኛችን ዐይኑ ተቃጥሎ፥ ሲያስነጥስም ዋለ፤ እኛ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ባደሩ ጊዜ እልል ብለን ወደ መምህራችን ሮጥን። እሳቸውም አይተው፥ የገደላቸው ጣሳው ይሁን እንዶዱ በምን እንዳወቅን ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለበት ሁለተኛ ዕቃ ማስቀመጥ ረስተን ነበር። እንደገና በሁለት የብርጭቆ ዕቃ ሠራነው፤ በእንዶዱ ያሉት ሞቱ፥ በንጹሑ ውኃ ያሉት በማግሥቱም ይሄዱ ነበር። መምህራችን ሲመልሱን የተናቅን መስሎን አኩርፈን ነበር። እንግዲህ ማስረጃ መጠየቅ ሁሉ ንቀት አይደለም። ሆኖም በእኛና በዶክቶር አክሊሉ መካከል ልዩነት አለ፤ መምህራችን ብርጭቆውን ከቁም ሣጥናቸው አውጥተው ሰጡን፥ እሳቸውን ግን ብርጭቆ የሚሰጣቸው አልተገኘም።

በመጨረሻ ፈተናው በብዙ አገር እየተከፋፈለ ተሠራ። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዶድ ዘርን የሚለውጥ ነገር እንዳለው ለማወቅ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ላይ ፈተኑት። ይህ የፈተና ዓይነት የባክቴሪያንና የዘርን ትምህርት ያገናኛል፤ ባክቴሪያው ከሚፈተነው ነገር ጋር እንዲያድግ ይደረግና በዘሩ ላይ ለውጥ መጥቶ እንደ ሆነ ይታያል። ለውጥ አልተገኘበትም። ከዚያም በካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ርዳታ ሰፊ የመርዝነት ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዐይንን እንደሚያቃጥል ተገኘ፤ ይህንንስ ጓደኛችን አስቀድሞ ያውቀዋል። ለዓሣም መርዝ ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ ለተገለገለበት ሰው ከውጭው መድኃኒት የባሰ አይደለም ተባለ። በዚህ አጋጣሚ እንዶድ መጠጣት ሌላ ነገር መሆኑን እናስታውሳለን፤ በየመንደሩ ለኮሶ ትል ወይም ለሌላ ነገር እየተባለ የሚጠጣው እንዶድ ሰው ይገድላል።

በዚህ ሥራ ሁሉ የአቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ስም ሳንጠቅስ ብናልፍ በደል ይሆንብናል። እሳቸው የእርሻ ሊቅ ነበሩ። ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአገሩ ሰብስበው፥ ተክለውና አመዛዝነው፥ ብዙ ፍሬ የሚያፈራውንና ብርቱ የሆነውን መረጡ፤ ከሁሉ የበለጠው 44 የሚል ቍጥር የተሰጠው ነው። የዘር ምርጫ ማለት ይህ ነው፤ ሜንዴል የደረሳቸው ጓደኞቻችን በአተር ያነበቡትን እኛ በእንዶድ አነበብን። በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፥ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በስዊድን አገር በአንድነት ተቀበሉ።

ዶክቶር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገልግለዋል፤ በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከልም ምክትል ዲሬክተር ነበሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክቶርነት ሰጣቸው። በዚያ አገር ታላላቅ ሐይቆች ከውጭ የመጣ ትንሽ የዛጎል እንስሳ ተራብቶ የከተማ የውኃ ቧንቧ ይዘጋ ነበርና፥ እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል በዚያ ተፈትኖ ታወቀ። ዩኒቨርሲቲውም በዚሁ አሠራር የፓተንት መብት አስመዘገበ። የዓድዋ ሴቶች ዕውቀት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም መመዝገቡ ብዙ ሰው አነጋግሯል፤ እኛም ገና ተከራክረን አልጨረስንም።

ዶክቶር አክሊሉ በ61 ዓመታቸው በ1989 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዐረፉ። እንዶዳቸው እሳቸው እንደ ተመኙት በየወንዙ አልተረጨም። ዛሬ በቢልሃርዚያ አገር በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንተል የሚባል ክኒን ነው፤ ክኒኑ በሰው ገላ ያለውን ትል ይገድላል፥ ልጁ ወደ ወንዙ ሲመለስ ግን በሽታው እንደገና እንዳይዘው አይከለክልም። የመሠረቱት ኢንስቲቱት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ አሁን አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቱት ይባላል፤ ስለ ቆላ በሽታዎችና ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚማሩ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጥናታቸውን በዚያ ይሠራሉ። ከአምስታችን ሦስቱ ወደዚያ ለመግባት ተመኝተናል።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከባችን በፊት ከጊዮርጊስ በታች ለሚኖሩት ለአንዱ ጓደኛችን አያት አነበብንላቸው። በልጅነታቸው በገጠር እንዶድ እየደቆሱ ነጠላ ያጥቡ ነበር። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡን። ከዚያም በእነርሱ ወንዝ እንዶድ ሲታጠብ አልቅት ሁሉ ሞቶ እንደሚንሳፈፍ፥ ከብት ለማጠጣትም ያንኑ ስፍራ ይመርጡ እንደ ነበር ነገሩን። ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም ብንላቸው፥ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ መልሰው ቡናቸውን ቀዱልን።